የጎንደር ካርቡራተር በኔታንያ

«ካርቡራተር ቀላል ነገር ነው፤ ካቻቪቴ ያለው ሰው ሁሉ ይጠግነዋል» ይላሉ። ውሸት ነው። ቀላልነቱን የሚመሰክሩት ወይ ከፍተውት የማያውቁ ናቸው፣ ወይ በሰው መኪና ላይ የሠሩ ናቸው። «የድሮ ሞተር እንደ ሰው ነው፣ ካነጋገርከው ይሰማሃል» የሚሉም አሉ፤ እነዚህን ደግሞ ከሁሉም አብልጬ እንቃቸዋለሁ፣ ምክንያቱም አንዱ የእናቴ ወንድም ነበር።

ባለፈው ሰሞን በኔታንያው የሳፒር ኢንዱስትሪ ቀጠና አውቶቡስ ስጠብቅ፣ ከአንድ ጋራዥ በር ያልተቃጠለ የቤንዚን ሽታ ወጥቶ ፊቴ ላይ ተደፋ። የልጅነት ሽታ ሲመለስ ልብ ይባባል፣ ዓይን እንባ ያቀርራል ተብሎ ብዙ ተጽፏል፤ አብዛኛውን አንብቤዋለሁ፣ አንዱንም አላመንኩም። እኔን አንገሸገሸኝ። በእኛ ቤት ለአንድ ዓመት ያህል የአባቴ ሸሚዝ፣ የደረጃው መደገፊያ፣ የሰንበት ዳቦ የሚጠቀለልበት ነጭ ጨርቅ ሳይቀር ያንን ይሸት ነበርና፣ ከሽታው ጋር የተመለሰልኝ ዳቦው ሳይሆን ንዴቱ ነው።

አባቴ ባዩ በሱዳን በኩል ወደ ኢየሩሳሌም ምድር ከመጡት የአገራችን አይሁድ ነው፤ ያኔ እኔ ገና ጡት አልተውኩም ነበር። ኔታንያ እንደገባን ሥራ ያገኘው እዚያው ሳፒር፣ የፕላስቲክ ባልዲ በሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ነበር። የፈረቃው አለቃ ስሙን መያዝ ስላልፈለገ በፉጨት ይጠራው ነበር፤ አንድ አጭር ፉጨት «ና» ነው፣ ሁለት «አንሣ» ነው። አባቴ ይህን ለእኛ የነገረን ከዚያ ከወጣ በኋላ ነው። የወጣውም አንዲት ያገለገለች ፒክአፕ፣ እንደ አገሩ ሰው ቴንደር የምንላትን፣ ገዝቶ ነው። ጎሕ ሳይቀድ ከእርሻ መንደሮቹ ቲማቲምና ዱባ ጭኖ ለኔታንያ ገበያ ያደርስ ነበር፤ ከሰዓት ደግሞ የሀብታሞቹ ሰፈር የራማት ፖሌግ ሰዎች አዲስ ሶፋ ሲገዙ አሮጌውን ያነሣላቸው ነበር። በገበያው ውስጥ ሻጮቹ ከዳር እስከ ዳር «ባዩ! ባዩ፣ ወደዚህ!» እያሉ ይጮኹ ነበር፣ እናቴም አንዳንድ ቀን የምትገዛው ነገር ሳይኖራት፣ ያንን ለመስማት ብቻ ዘንቢሏን ይዛ ትወርድ ነበር። ያቺ መኪና ከቆመች አባቴ ወደ ፉጨቱ እንደሚመለስ ቤት ውስጥ ያለን ሁሉ፣ ትንሹ ወንድሜም ሳይቀር፣ እናውቅ ነበር።

እዚህ አገር ዝናቡና ብርዱ አብረው ነው የሚመጡት። በአንዱ ክረምት መኪናዋ ጠዋት ጠዋት መንተባተብ ጀመረች፤ ትነሣና ትጠፋለች፣ ከመሪው ፊት ለፊት አንዲት ቢጫ መብራት ቦግ ትላለች። ያቺ መኪና ቤንዚን ወደ ሞተሯ የምትረጨው በኮምፒዩተር ትእዛዝ ነበር፤ ከመቀመጫው ሥር መጽሐፍ የሚያህል የብረት ሣጥን ነበራት፣ አየሩን፣ ሙቀቱን፣ የሹፌሩን እግር ሳይቀር እየለካ ምን ያህል እንደሚረጭ የሚወስን። አባቴ ወደ አንድ ጋራዥ ይዟት ሄደ፣ እኔንም እንደ ልማዱ ለአስተርጓሚነት አስከተለኝ። ባለጋራዡ አባቴን ቀና ብሎ አላየውም። ማስቲካውን እያላመጠ ለእኔ፣ «ሙቀት የምትለካ አንዲት ትንሽ ነገር ሞታለች። ትቀየራለች፣ በቃ። ንገሪው፣ እሱ እንደሆነ አይገባውም» አለኝ። የመጀመሪያውን ተረጎምኩ፤ የመጨረሻውን ግን አባቴ ቀድሞኝ ሰምቶት ነበር፣ ዕብራይስጡ ለሌላው ነገር ያንስ እንደሆነ እንጂ ለስድብ አንሶት አያውቅም። ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ወጣ።

ሰውየው ትክክል ነበር። ዛሬ ሳስበው ይበልጥ የምጠላውም ለዚህ ነው። ትክክል የሆነ ባለጌ፣ ሰውን እየገፋ ለተሳሳተ ጨዋ ያስረክባል።

ጨዋው ሰው ያ የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ አየልኝ ነበር። ከእኛ ዘግይቶ የመጣ፣ በጎንደር ከተማ በጋራዥ የሠራ፣ በዚያ ምድር ያልፈታው ሞተር እንደሌለ ለሰላምታ ያህል የሚናገር ሰው ነበር። የሥራ ቱታውን እጅጌውን ሳያጠልቅ እንደ ካባ ትከሻው ላይ ጣል ያደርግ ነበር። ራሱን በማድነቅ ሥራ ላይ እንደ እሱ ያልደከመው ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። መጣና ኮፈኑን አስከፍቶ፣ ሽቦውን ሁሉ በሁለት ጣቱ እያነሣ እየጣለ ተመለከተና ራሱን ነቀነቀ።

«ባዩ ወንድሜ፣ ይቺ ሞተር አይደለችም። ይቺ ቢሮ ናት።»

«እንዴት ቢሮ?»

«አታይም እንዴ? ቤንዚኑ ከመግባቱ በፊት አንዱ ለአንዱ ያመለክታል፣ ያኛው ይፈቅዳል፣ ይሄኛው ይከለክላል። በዚህ አገር ቢሮ የተሰለፍከው አንሶህ ነው ደግሞ በገዛ መኪናህ ውስጥ የምትሰለፍ? ይህን ጉድ አውጥተን ጥለን ካርቡራተር እናስገባላታለን። ከዚያ በኋላ በአንድ ካቻቪቴ እስክትሞት ትኖራለህ።»

አባቴ ሳቀ። ከጋራዡ ከተመለሰ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። እናቴ ግን በመስኮቱ ብቅ ብላ፣ «ወንድምጋሼ፣ ጎንደር ሳለህ መኪና ነበረህ እንዴ?» አለችው።

«የሰው መኪና ነበር የምሠራው።»

«እሱን እኮ ነው የምልህ» አለችና መስኮቱን ዘጋችው።

ፋሲካ ሲቃረብ ነገሩ ወደ ሽማግሌ ሄደ። በእኛ ዘንድ በቤተሰብ መካከል የተነሣ ክርክር በሽማግሌ ፊት ሳይቀርብ አይዘጋም፤ ለድንበር፣ ለጋብቻ፣ ለስድብ የተሠራውን ያን የተከበረ ሥርዓት እንግዲህ ለሞተር አመጡት። ሕንፃችን በቆመባቸው ምሰሶዎች መካከል ሦስት የፕላስቲክ ወንበር ተዘረጋ፣ ሦስት ነጫጭ ኩታ ተቀመጠባቸው። መሐል የተቀመጡት የአባቴ አባት፣ አባ ተገኝ ነበሩ። መኪናዋ ኮፈኗ ተከፍቶ እንደ ተከሳሽ ፊታቸው ቆመች። ከሳሹ አየልኝ ነበር። ጠበቃዋ እናቴ ነበረች፣ ነገር ግን ሴት በሸንጎው መካከል ስለማትቆም ከአንደኛ ፎቅ በረንዳ ላይ ልብስ እያሰጣች ነበር የምትከራከር።

«ይህ ሣጥን ይናገራል?» አሉ አያቴ።

«አይናገርም፣ አባ» አለ አየልኝ። «ያዝዛል እንጂ።»

«የማይናገር እንዴት አድርጎ ያዝዛል?»

«በሽቦ ነው።»

በቀኝ የተቀመጡት ሽማግሌ ጭራቸውን ወዝወዝ አድርገው፣ «በማይናገር ነገር መታዘዝስ ሰልችቶናል» አሉ፣ ሌሎቹም አጉረመረሙ።

«አባ!» አለች እናቴ ከላይ። «ጋራዡ አንዲት ትንሽ ነገር ትቀየር ነው ያለው! ጥርስ ቢያምዎ አንገትዎን ያስቆርጣሉ?»

«ልጄ፣ ልብስሽን አስጪ።»

«እያሰጣሁ ነው የማወራ! ይህን ልብስ የሚለብሱት ሁሉ የሚበሉት ከዚያች መኪና ነው!»

ተፈረደ። ሣጥኑ ይውጣ፣ ካርቡራተሩ ይግባ ተባለ፣ ተመረቀ፣ «አሜን» ተባለ። ከፈራጆቹ አንዱ እንኳ መኪና ነድቶ አያውቅም። ይህንን ስጽፍ «ሽማግሌን ሰደበች» የሚለኝ ይኖራል፤ ይበል። ሽማግሌ ስለ ሰው ሲፈርድ ሰምቼ ያደነቅሁት ብዙ ነው። ስለ ሞተር ሲፈርድ ግን ሞተሩ ይግባኝ ማለት አይችልም፣ የእናቴም ጉሮሮ ከበረንዳው አልፎ አልተሰማም።

እንግዲህ የፋሲካው ጽዳት ከላይ፣ የሞተሩ መፈታት ከታች ሆነ። በእኛ ፋሲካ እርሾ በቤት አይገኝምና፣ እናቴ እርሾ የነካውን ሁሉ እየለቀመች ስታወጣ፣ አየልኝ የሽቦ ጥቅልሉን እንደ በግ አንጀት እየጎተተ ያወጣ ነበር። ካርቡራተሩን ከአንዲት ሞታ ከተጣለች የጭነት መኪና ላይ ፈትቶ አመጣው፤ ጥላሸቱ እንዲለቅ በቤንዚን ማጠብ ፈለገና፣ ኩሽና ገብቶ ያገኘውን ሳፋ ይዞ ወረደ። የፋሲካ ዕቃ በእኛ ዘንድ አዲስ መሆን አለበት፤ እናቶቻችን በአገራቸው የከረመውን ሸክላ ሰባብረው በአዲስ ነበር የሚጀምሩ። ያ ሳፋ እናቴ ለበዓሉ ገዝታ ገና ውኃ ያላስነካችው ነበር። ስትወርድ አጎቴ እስከ ክርኑ ጠቁሮ፣ በጥቁር ቤንዚን ውስጥ ካርቡራተሩን እንደ ሕፃን ሲያገላብጥ አገኘችው። ምንም አላለችም። እናቴ ምንም የማትልበት ጊዜ ጥቂት ስለነበር እኔና ወንድሜ ሸሽተን ደረጃው ሥር ገባን።

መጀመሪያ ቁልፉ ሲዞር የሆነውን አሁንም አየዋለሁ። ለመርጨት የተሠራው የቤንዚን ፓምፕ እዚያው ታንከሩ ውስጥ እንዳለ ነበር፣ የሚገፋውም በኃይል ነው፤ ካርቡራተር ደግሞ በቀስታ የሚመጣለትን ነው መቀበል የሚችለው። ቤንዚኑ አፉን ሞልቶ፣ ፈስሶ፣ በሞተሩ ላይ እየወረደ አስፋልቱን አራሰው። የጎን ጎረቤታችን፣ ከሞሮኮ የመጣች ወፍራም አሮጊት፣ የተለኮሰ ሲጋራ ይዛ በረንዳዋ ላይ ቆማ ነበር። የሰፈሩ ሰው ሁሉ በሦስት ቋንቋ ጮኸባት። አየልኝ ብቻ ሳይደነግጥ፣ «ጉልበቷን አያችሁ? ጉልበቷን ነው የምታሳየን!» ይል ነበር። ኋላ ሌላ ደካማ ፓምፕ ተገኘ፣ ቱቦው በሽቦ ተጠፈረ፣ መኪናዋም ተነሣች፤ ሽማግሌዎቹ እልል አሉ። የብረት ሣጥኑን አጎቴ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ወረወረው። እናቴ ማታ ወርዳ አወጣችው፣ በጨርቅ ጠቅልላ ቁም ሣጥን ላይ አስቀመጠችው። «ሲደክመው ይመልሰዋል» አለችኝ።

በጋ ገባና ሳሉ ጀመረ።

ቤንዚንና አየር በሚቀላቀልበት በካርቡራተር ሆድ ውስጥ የመርፌ ዓይን የምታህል ቀዳዳ ያላት የነሐስ ብሎን አለች፣ ጂክለር ይሏታል፤ ቤንዚኑ ወደ ሞተሩ የሚሾልከው በእሷ ነው። ቀዳዳዋ ምን ያህል መሆን እንዳለባት የሚወስነው አየሩ ነው። ጎንደር ከፍታ ላይ ናት፣ አየሯ ሣሣ ያለ ነው፤ ለሣሣ አየር ጥቂት ቤንዚን ይበቃዋል፣ ስለዚህ እዚያ ቀዳዳዋን ጠበብ ያደርጓታል። አጎቴ ያንን ያውቅ ነበር፤ ማለቴ እጁ ያውቅ ነበር፣ ለምን እንደሆነ ግን እጁም እሱም ጠይቀው አያውቁም። ያገኛትን ጂክለር ጣለና ከአገሩ በመሃረብ ቋጥሮ ያመጣትን ጠባቧን አስገባ። «የጎንደር ልክ ነው» ይል ነበር፣ የዓለም ልክ ሁሉ ከዚያ የተቀዳ ይመስል። ኔታንያ ግን ባሕሩ አፍ ላይ ናት፤ አየሯ እንደ ገንፎ የወፈረ ነው። ሞተሩ አየር እየጠገበ ቤንዚን ይራብ ነበር። የተራበ ሞተር ይግላል፣ ያስላል፣ በካርቡራተሩ አፍ ይተኩሳል። እኔ ይህንን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ከመጽሐፍ ነው፤ የወፈረውን ከሣሣው የሚለየው ደግሞ ያ ቁም ሣጥን ላይ የተቀመጠው ሣጥን ነበር።

አባቴ ጠዋት ጠዋት ሲጭን ደህና ነበረች፤ ገበያው መካከል ደርሶ ፍጥነቱን ሲቀንስ «ጧ!» ትል ነበር። በዚያ ዘመን በዚህ አገር ቦምብ በየገበያው ይፈነዳ ነበርና፣ በገበያ መካከል «ጧ» የሚል ድምፅ ቀልድ አልነበረም። ሰው መሬት ላይ ይወድቅ ነበር። እናቶች ልጆቻቸው ላይ ይተኙ ነበር። አንድ ቀን ትምህርት ቤት ስለተዘጋ አብሬው ሄጄ ነበርና፣ መኪናዋ ስትተኩስ ሎሚ ሻጩ ከጠረጴዛው ሥር ሲገባ፣ ሎሚው ሁሉ ሲንከባለል፣ ከዚያም ሰው አንድ በአንድ ተነሥቶ ልብሱን እያራገፈ አባቴን ሲያየው አየሁ። «ባዩ!» ብለው ጠሩት፣ እንደ ድሮው ጮኸው፣ ግን ከስሙ በኋላ የተከተለው «ወደዚህ» አልነበረም። ሁለት ሻጮች ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ጫኝ ያዙ። አባቴ ቤት ገብቶ ምሳውን ሳይበላ እጁን ሲታጠብ ቆየ፣ ሽታው ግን አልለቀቀውም።

«ጋራዡ ይመለስ» አለች እናቴ። «ሣጥኑ አለ። ደብቄዋለሁ።»

«ወደዚያ ሰውዬ?»

«ወደ ዲያብሎስም ቢሆን! ሰውዬው ይስደብህ፣ መኪናዋ ትሂድ!»

«አንቺን አልሰደበሽም» አለ አባቴ፣ ክርክሩም በዚያው አለቀ። አየልኝን ሲጠይቀው መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነበር፤ «ትለምዳለች። አንተስ ይህን አገር በአንድ ቀን ነው የለመድከው?» ይል ነበር። እንዲህ ያለ መልስ ያምራል። ያማረ መልስ ስሰማ እስከ ዛሬ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸተኝ ለዚህ ነው።

መከር ሲገባ ስግድ ደረሰ። ወደ ኢየሩሳሌም የምንወጣበት፣ ሽማግሌዎች ጾመው የሚጸልዩበት፣ ከጸሎት በኋላ ዳቦ ቆርሰው የሚገድፉበት በዓላችን ነው። የሰፈሩ ሰው በአውቶቡስ ሲወጣ፣ አየልኝ ግን ዳቦው በእኛ መኪና ካልተጫነ ሞቼ እገኛለሁ አለ። ዳቦው ተጫነ፣ ጃንጥላው ተጫነ፤ ከፊት አባቴ ሊነዳ አያቴ ደግሞ ከጎኑ፣ ከኋላ መቀመጫ አጎቴና እኔ ገባን። እናቴ፣ «እኔ ከአውቶቡሱ ጋር ነኝ፣ ሬሳችሁን የሚለቅም ሰው ያስፈልጋል» ብላ ከሴቶቹ ጋር ሄደች።

በሜዳው ላይ እያሳለች፣ እየተኮሰች፣ የሙቀቱ መለኪያ ቀዩን እየነካ ሄድን። ሜዳው አልቆ ተራራው ሲጀምር አባቴ ከንፈሩን ነክሶ ማርሽ ቀነሰ። መኪናዋም ዝም አለች። መጀመሪያ የጠፋች መስሎን ነበር። አልጠፋችም፤ ማሳሉን ነበር የተወችው። ከፍ ባልን ቁጥር ድምፅዋ እየለሰለሰ፣ ጉልበቷ እየጨመረ፣ ዳቦ የተጫነባት ሳትመስል ዳገቱን ትውጠው ጀመር፤ አውቶቡሱን አልፈን ስንሄድ እናቴን በመስኮቱ አየኋት፣ አፏን ከፍታ ነበር። አየሩ ስለሣሣ እንደሆነ ማንም አላሰበም። አየልኝ የወንበሩን ጀርባ በቡጢ እየመታ፣ «አላልኩም! አላልኩም!» ይጮህ ነበር። አያቴም በጾም በደረቀ አፋቸው፣ «አገሯን አሸተተች» አሉ። አባቴ በአንድ እጁ እየነዳ በሌላው ዓይኑን ጠረገ። ያን ቀን ኢየሩሳሌም ላይ ያገኘነውን ሰው ሁሉ እጁን እየያዘ ወደ መኪናዋ ይወስድ ነበር፣ ኮፈኗን ይከፍት ነበር፣ ሰውም እየተሳለመ ያልፍ ነበር። የዚያን ቀን የአባቴን ፊት ለማንም አልነፍግም፤ ያንን ደስታ ለሰጠው ጅልነት ግን ምስጋና የለኝም።

ተመልሰን ስንወርድ፣ ተራራው አልቆ ሜዳው ላይ አባቴ በደስታው እግሩን ሲጭን፣ ሞተሩ አንድ ጊዜ በረጅሙ ጮኸና ነጭ ጭስ ተፍቶ ቆመ። ቫልቩ ተቃጥሎ፣ ፒስተኑ ተበስቶ ነበር። አየልኝ ወርዶ ኮፈኑን ከፈተ፣ ወደ ምዕራብ ዞረ፣ አፍንጫውን ነፋ ነፋ አደረገና፣ «ባሕሩ ነው» አለ። በዚያ ዓመት ሙሉ እውነት ለመናገር የተቃረበው ያን ጊዜ ብቻ ነው፣ እሱንም ሳያውቀው።

ክረምቱ ሲመለስ መኪናዋን ጎትተው ያንኑ ጋራዥ አደረሷት፣ ሌላ የሚቀበላት አልነበረምና። ባለጋራዡ ኮፈኑን ከፈተ፣ ከዚያ የሠራተኞቹን ስም እየጠራ «ኑ እዩ! ኑ እዩ!» አለ። ከበው ሳቁ። «ምን አለ?» ብሎ አባቴ አልጠየቀኝም፣ እኔም አልነገርኩትም። እናቴ ሣጥኑን ከነጨርቁ ይዛ መጥታ ነበር፤ ሰውየው አየው፣ «ሞተር የለም እኮ፣ ይህ ማንን ሊያዝዝ ነው?» አላት። መልሳ ጠቅልላ ያዘችው።

አባቴ ወደ ሳፒር ተመለሰ። በሃኑካ በዓል ዕረፍት እናቴ ምሳ አስይዛ ላከችኝና በፋብሪካው በር ላይ ቆምኩ፤ ባልዲ ተሸክሞ ጀርባውን ሰጥቶኝ ይሄድ ነበር። «አባዬ!» ብዬ ጠራሁት፣ በማሽኑ ድምፅ አልሰማኝም። ከውስጥ አንድ አጭር ፉጨት መጣ። ወዲያው ዞረ።

ዛሬ አየልኝ ሸብቷል፣ በየሠርጉም ያችን የዳገት ጉዞ ያወራታል፤ በእሱ ወሬ መኪናዋ ኢየሩሳሌም ትደርሳለች እንጂ አትመለስም። ጎረምሶቹ ከበው ይሰሙታል። የወንድሜ ልጅ በቅርቡ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ገዝቶ፣ ኮምፒዩተሯን አውጥቶ ካርቡራተር ሊያስገባላት ነው፤ «ዶዳ፣» ይለኛል፣ አክስት ማለቱ ነው፣ «ካርቡራተር እኮ ነፍስ አለው!» ይህ ልጅ ደህና ደመወዝ አለው፣ ሌላ መኪናም አለው፣ ባለጋራዡም በስሙ ይጠራዋል። ያኔ ያንን ያደረገው ቢያንስ የተሰደበ ሰው ነበር። አሁን የሚያደርገው የዕረፍት ቀኑን የሚያሳልፍበት ያጣ ሰው ነው። የብረት ሣጥኑ እኔ ዘንድ ነው፤ መደርደሪያዬ ላይ መጻሕፍቴን ደግፎ ይዟል፣ ከደገፋቸው ከብዙዎቹ የሚሻል ሥራ ሠርቶ ያውቃል።

አባቴ ጡረታ እስኪወጣ ከሳፒር አልወጣም። አሁን ከሰዓት ከሰዓት ከገደሉ ጫፍ ባለው መናፈሻ ተቀምጦ ባሕሩን ያያል። አንዱ አላፊ ውሻውን በፉጨት ሲጠራ አባቴ ቀና ይላል።

ስለዚህ ስለ ድሮ ሞተር ደስ የሚል ወሬ የሚያወራ ሰው ሲገጥማችሁ አትሳቁለት። መኪናዋ የማን እንደነበረች ጠይቁት፣ ሳይመልስም አትልቀቁት።